ቡሬ የሸሸበት ገና

ስለ ገና የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይዋሻሉ። ሁሉም ያምር ነበር፣ ሰው ሁሉ ይዋደድ ነበር ይሉናል። እኔ ደባርቅ ላይ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ዘበኛም እንጨት ፈላጭም ሆኜ ብዙ ገና አሳልፌአለሁ። ሰው ሲዋደድ ያየሁት ግን አልፎ አልፎ ነው። አንዱን ልጻፍ፤ እሱም ቢሆን በጠብ ነው የተጀመረ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ልጆቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ከበየዳ፣ ከጃናሞራ፣ ከአዲ አርቃይ ቆላ፣ ከዳባት ዙሪያ። ማደሪያቸው ሁለት ረጃጅም ቆርቆሮ ቤት ነው። ከዳገቱ ላይ ያለው ላይ ቤት፣ ከሥሩ ያለው ታች ቤት ይባላል። ሴቶቹ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ያድራሉ። ደገኞቹ ላይ ቤት፣ ቆለኞቹ ታች ቤት ናቸው፤ ማን እንደደለደላቸው አላውቅም። በታኅሣሥ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር በኩል የሚወርደው ነፋስ ብርድ ልብስ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲሉ በባልዲው ላይ የጋገረውን በረዶ በድንጋይ ይሰብሩታል። ያን ጊዜ ታች ቤቶች ሽቅብ ይጮኻሉ፦

«ላይ ቤቶች! ውኃችሁን በመዶሻ ነው የምትጠጡት?»

«እናንተ ደግሞ ተኝታችሁ ጠጡት፣ ትኋኑ ያቀብላችኋል!» ይላሉ ላይ ቤቶች።

ቀኑ የሚጀምረው እንዲህ ነው። እኔ እንጨቴን እፈልጣለሁ፣ እሰማለሁ፣ አልስቅም። መሳቅ የማልወድ ሰው ተብዬ ስለነበር ስሜን ላለማበላሸት ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት የነጋዴ በቅሎ ጫኝ ነበርሁ፤ ከደባርቅ በየዳ፣ ከበየዳ ደባርቅ። በቅሎዎቹ እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው፤ እኔ «አንተ» ነበርሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ልጆች ወልጄ ጨርሻለሁ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ፣ ከሽማግሌዎችና ከቤት እመቤቶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ። ያስተማረኝ ከትልልቆቹ አዳሪዎች አንዱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የቀጥቃጭ ልጅ። ቤተ እስራኤል ነው። ያን ጊዜ እኛ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው። ያን ስም አልጽፈውም፤ መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ በእሱ ፊደል እሱን አልሰድብም።

«ጋሼ፣» ይለኛል ወረቀቴን አዙሮ እያየ፣ «ይቺ ሀ ናት ወይስ የበቅሎ ኮቴ?»

«የማውቀውን ነው የምጽፍ» እለዋለሁ።

«እንግዲያስ እስከ ፐ ድረስ ጭነት ነው የሚሆንብን።»

ከመጽሐፍ ውጭ መጀመሪያ ያነበብሁት ነገር በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ነው። የወጥ ቤቱን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው፤ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ በርበሬያቸው ነው። አንድ ቀን እንጨት ይዤ ስገባ ግድግዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ገትሮህ ነው አንተ ሰው?»

«እያነበብሁ ነው።»

«እውነት? ምን ይላል?»

እየተንገዳገድሁ አነበብሁላቸው፦ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር።

እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ግድግዳውን አዩት። «እህ!» አሉ። «ቅቤው የት ገባ እያልሁ ስንት ጊዜ ሰው ሳማ ኖሬአለሁ።»

እንግዲህ ወደ ገናው ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹ ለገና ወደየአገራቸው ሄደው ነበር። አገራቸው ደግሞ ተራራ ማዶ ነው። የሄደ ልጅ አይመለስም፤ አባት ለውቂያ ያስቀረዋል፣ እናት ለሠርግ ታስቀረዋለች፣ ሴቷን ይድሯታል። ጥምቀት አልፎ እንኳ አልጋው ግማሹ ባዶ ነበር። በኋላ ከጎንደር ተቆጣጣሪ መጣ፤ ባዶ አልጋ እየዞረ አየ፤ አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ ሄደ፦ «በሚመጣው ገና ይህን ካየሁ ቤቱ ይዘጋል። ቆርቆሮ ቤት የሚፈልግ ሞልቷል።» ቆርቆሮ ቤት የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠመንጃ የያዘ ነው።

ቤቱ ከተዘጋ የበየዳው ልጅ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው፤ ደባርቅ ላይ ዘመድ የለውም። እኔም ወደ በቅሎዎቹ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ገና ሁለተኛውን መጽሐፍ መጀመሬ ነበር። ፊደሉን ግማሽ ይዞ በቅሎ ከመጫንስ ጭራሽ አለማወቅ ይሻላል እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ።

ዳይሬክተሩ ከመሃል አገር የመጣ ወጣት ነው። ልቡ ደህና ነው፤ አፉ ግን በራሪ ወረቀት የዋጠ ይመስላል። በታኅሣሥ መባቻ ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስቦ፣ «በዚህ ገና አንድም ሰው ወደ አገሩ የማይሄድ ከሆነ ቡሬን አርድላችኋለሁ!» አለ።

ቡሬ የትምህርት ቤቱ በሬ ነው። የግቢውን ማሳ ሲያርስ ኖሮ ጓደኛው ሲሞትበት ብቻውን የቀረ፣ ያረጀ፣ ግን የማያምኑት በሬ ነው። ልጆቹ ጮኹ። የነቢያት ጾም ነበር፤ ምስር በልተው ምስር ያገሱ ነበርና ሥጋ የሚለው ቃል ብቻውን አጠገባቸው። እንቀራለን አሉ፤ ቀሩም።

ነገሩ የተበላሸው በዋዜማው ነው። ዳይሬክተሩ እኔንና እትዬን ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ አነጋገረን። ለካ ባለፈው ፋሲካ ሙስሊሞቹ ልጆችና ቤተ እስራኤሎቹ ሽሮ ይዘው ከአዳራሹ ጥግ ሲቀመጡ አይቷል። ነገሩ አንጀቱን በልቶታል። የክርስቲያን ሥጋ እነሱ አይበሉም፤ የእነሱንም እኛ አንበላም። አገሩ ከጥንት ያደረበት ነው፤ እኔ እንዲያውም ጥጉን አላየሁትም ነበር። እሱ አየው። ይህን ለእሱ እተውለታለሁ።

መፍትሔ ያለውን ግን ስሙት።

«ነገ በሬው ሲታረድ» አለ፣ «ማንም ምንም አይልም። በስመ አብ የለ፣ ቢስሚላሂ የለ። በዝምታ ይታረዳል። የማንም ካልሆነ የሁሉም ይሆናል።»

እትዬ ምጣድ እየወለወሉ ነበር፤ ቀናም አላሉ። «የማንም ያልሆነ የጅብ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው።»

«ጅቡንም እንዲሁ በለው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የምታርደው።»

«አርዳለሁ፣ ጓድ።»

«አፍህን ዘግተህ።»

«በአፍንጫዬስ ልበለው?»

«በምንም አትለውም!» አለና ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ያድር ይሆናል። እኔ ቢላዬን ሞረድሁ። የታዘዘ ሰው ቢላ ይሞርዳል፤ የሚቀጥለውን ነገ ያውቃል።

የገና ዕለት ጠዋት ፀሐዩ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን አድረው የተመለሱት ዓይናቸው ቀልቶ ነው፤ ግን ማን ይተኛል። ከጓሮው ወይራ ያበጁትን ቆልማማ የገና ዱላ ይዘው ሜዳው ላይ ፈሰሱ። ላይ ቤት ከታች ቤት። ሩሯን ከወይራ ጉጥ የጠረባት ያ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ገናን አያከብርም፤ ገና ጨዋታን ግን ማን ይተዋል? ሙስሊሞቹም አሉ። ከነሱ መካከል ከዳባት የመጣ አጭር ልጅ አለ፤ የነጋዴ ልጅ ነው፤ እግሩ ከምላሱ ይቀድማል፣ ምላሱ ከሁሉ ይቀድማል። ደገኛ ቢሆንም ላይ ቤት ሞልቶበት ታች ቤት ያድራል፤ ግጥም ሰጪያቸውም እሱ ነበር። ሩሯ ላይ ቤቶችን አልፋ ስትሄድ ያዜማል፦

«ላይ ቤት ላይ ቤት ብሎ ማን አወጣላችሁ፣
ሩሯ በመጣች ቁጥር ቁልቁል ነው ዓይናችሁ!»

ላይ ቤቶችም አይተኙለትም፦

«ታች ቤት የቆላ ልጆች ብርድ የሚፈሩ፣
ሩር አየን እያሉ ወደ እሳት በረሩ!»

በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ ፊሽካ ነፋ። በሬው ሊታረድ ነው። ሁሉም ዱላውን እንደያዘ ባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ቡሬ በገመድ ታስሮ ያመሰኳል። ቢላዬን አወጣሁ። አንዱ የበየዳ ልጅ ከፊት ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ይባርኩታል አይደል?» አለኝ።

ዳይሬክተሩ ቀደመኝ፦ «በአዲሱ አሠራር በዝምታ ነው የሚታረደው። ሁላችሁም እኩል ትበላላችሁ።»

የበየዳው ልጅ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እንዲያማ ከሆነ በክት ነው፤ እኔ አልበላም» አለ።

«እኛም ጋ በክት ነው» አለ የዳባቱ አጭር።

ሁሉም ያን ረጅሙን የእኔን አስተማሪ አዩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «እኛ ጋማ ከጥንትም በክት ነበር» አለ።

ቢላዬን ሰገባው ውስጥ መልሼ ከተትሁ። «ጓድ ዳይሬክተር፣» አልሁ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት። ሦስቱንም ሃይማኖት አስማሟቸው፤ ሁሉም አንበላም አሉ።»

ሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሩ ፊቱ ደም መሰለ። የካኪ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለ፤ «ቢላውን አምጣ! እኔው አርደዋለሁ!» አለኝ። ሰጠሁት። አለቃ ነው፤ ቢላም የመንግሥት ነው። በሬ ሲታረድ ከጎኑ ነው የሚቀርቡት፣ እግሩን ጠልፈው ይጥሉታል፤ ይህን ሳይጠይቅ ልጆቹን «ገመዱን ፍቱት!» ብሎ በፊት ለፊቱ ሄደበት። ቡሬ ማመስኳቱን አቆመ። ራሱን ዝቅ አደረገ። ዳይሬክተሩ ቢላውን ጥሎ ወደ አጥሩ ሲዘል የሱሪው ቁራጭ እሾህ ላይ ቀረ፤ ገመዱን የያዘው ልጅ በሳቅ እየተንፈራፈረ ስለነበር ለቀቀው። ቡሬ ወጣ።

በገና ሜዳው መሃል ሰንጥቆ፣ ለግብ የተተከለውን ድንጋይ በትኖ፣ የግቢውን በር አልፎ በሳንቃ በር መንገድ ሽቅብ ወጣ። እንዲያ ያረጀ በሬ እንዲያ ይሮጣል ብዬ አልጠረጠርሁም። ዳገቱን የወጣው ወንድሙ ቤት ተጠርቶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

«ቡሬ ሸሸ! ያዘው!» አለ አንዱ፤ በቃ። ላይ ቤትም ታች ቤትም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዱላውን ይዞ ተከተለው። ባንድ አፍታ ግቢው ጭር አለ። የቀረነው እኔ፣ እትዬና ሱሪው የተቀደደ ዳይሬክተር ነን። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ በር ነው የምጠብቅ። ድስቱ ባዶውን እሳት ላይ ተጥዷል።

መኪና የሰማነው በዚህ ጊዜ ነው።

የጎንደሩ ተቆጣጣሪ እናቱ ዳባት አጠገብ ናቸው፤ ለገና ሊጠይቃቸው መጥቶ በዚያው ወደ እኛ ብቅ ማለቱ ነው። ከላንድሮቨሩ ወረደ። ከኋላ ሙክት ታስሮ ይጮኻል፤ ለልጆቹ በዓል ብሎ ከዳባት የጫነው ነው። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ላይ ቤት ገባ፣ ወጣ፤ ታች ቤት ገባ፣ ወጣ። ጫማው ኮረቱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል። አልጋው ሁሉ ባዶ ነው።

«ልጆቹስ?» አለ።

ዳይሬክተሩ ቀዳዳ ሱሪውን በእጁ ሸፍኖ፣ «አሉ፣ ጓድ። ወጣ ብለው ነው» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ... በሳንቃ በር መንገድ።»

«የበየዳ መንገድ ማለትህ ነው።»

«በሬ ተከትለው ነው፣ ጓድ።»

ሰውየው የተቀደደ ሱሪውን አየ። «አምና ሠርግ ተከትለው ነበር፤ ዘንድሮ በሬ ሆነ» አለ። «የነገርኩህን ነግሬሃለሁ። ከጥምቀት በኋላ ሰው እልካለሁ። ቁልፉን አዘጋጅ።»

ቁልፉ ያለው እኔ ወገብ ላይ ነው። እጄ ሳላዘው ሄዶ ያዘው። በአንድ በሬና በአንድ ልበ ደህና ሰው ምክንያት፣ ልጆቹ ለመቅረት ተስማምተው በቀሩበት ቀን ቤቱ ሊዘጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው እኛን ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ። ሁለተኛው መጽሐፌም ትዝ አለኝ፤ ከመሃሉ ነበርሁ።

ተቆጣጣሪው የመኪናውን በር ከፈተ። እትዬ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሆነው፣ «ጌታው፣ እንደመጡ አይሂዱ፣ ጆሮዎን ይስጡ» አሉ።

«ምን እሰማለሁ እናቴ?»

«ዝም ብለው ይስሙ እንጂ!»

ሰማን። መጀመሪያ ነፋስ ነው ያልነው፤ ኋላ ዜማ ሆነ። ከጋራው ጫፍ ላይ አቧራ ተነሣ፤ ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ ሁለት ቀንድ፣ ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ ሕዝብ ወጣ። ቡሬ ከፊት ነው። ገመዱን ያ ረጅሙ ይዞታል፤ ጭራውን የዳባቱ አጭር ይዞት፣ እየተጎተተ እንደ ሹፌር «ቀኝ! ግራ!» ይላል። ከግራና ከቀኝ ላይ ቤትና ታች ቤት ተደባልቀው፣ የገና ዱላቸውን ሽቅብ አድርገው ይጨፍራሉ። የአንዷ ልጅ ነጠላ ቡሬ ቀንድ ላይ ታስሯል። ግጥም ሰጪው አጭሩ ነው፤ እስኪገቡ ድረስ ያንኑ ይደጋግማል፦

«ተማረ ተማረ፣ ዲግሪውን ጫነ፣
በሬው ቢያየው ጊዜ እንደ ጢስ በነነ!»

ዳይሬክተሩ ዝም እንዲሉ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ያቺ የሱሪው ቀዳዳ ተገለጠች፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ያን ጊዜ አጭሩ መኪናውን አየ፣ ሰውየውን አየ። ጭራውን ሳይለቅ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፦

«በመኪና ሆኖ መጣ ሊቆጥረን፣
አልጋ አልጋ ይላል፣ እኛ ሜዳ ነን!»

ለዚህ ዓይነት ሰው በሌላ ቀን እንዲህ ቢባል የሚሆነውን አውቃለሁ። ዳይሬክተሩም ያውቃል። ግን ቀኑ ገና ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ የተቆጣ እሱ ተሸነፈ፤ ይህ ከመንግሥቱም ከአብዮቱም በፊት የነበረ ሕግ ነው። ተቆጣጣሪው የእኛው አገር ሰው ነውና የተወለደበት ሕግ ሆነበት። ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ሾፌሩም ተከትሎ ሳቀ።

«ቁጠራቸው» አለው ዳይሬክተሩን እንባውን እየጠረገ።

ተቆጠሩ። አንድም አልጎደለ። እኔ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ።

ቡሬን ከባሕር ዛፉ መልሼ አሰርሁት። ሁለቱ አለቆች አጠገቤ ቆሙ፤ ገመድ የያዘ ሰው እንደማይሰማ ይቆጠራል፤ ይህ ብዙ ነገር አስተምሮኛል። ዳይሬክተሩ ነፍሱ ስለተመለሰች የዝምታውን አሠራር በኩራት ያስረዳው ጀመር።

«ማን ነው የሚያርደው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ዘበኛው። ግን ያለ ምንም ጸሎት።»

«ያለ ምንም?»

«ያለ ምንም፣ ጓድ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እና እኔ ከዚህ ልበላ ነው?»

ዳይሬክተሩ አልገባውም።

«ስማኝ» አለ ተቆጣጣሪው። «አብዮት አብዮት ነው፤ ሥጋ ሥጋ ነው። እኔ ስመለስ እናቴ ዘንድ ነው የማድረው፤ ሰውነቴን ታሸተዋለች።» ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉ እንዲሰማ፣ «ጓድ ዳይሬክተሩ ሥራቸውን ይቀጥሉ! እኔ የመኪናዬን ጎማ አያለሁ» አለና ጀርባውን ሰጥቶን ጎማው ሥር ተቀመጠ።

ዳይሬክተሩ አየኝ። እኔም አየሁት። ምንም አላለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለው እሱ ነው። ልጆቹ የቡሬን እግር ጠልፈው ጣሉት፤ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርሁት፤ በስመ አብን ጎማው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ አልሁት። ከጎማው ሥር «አሜን» የሚል ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ አልመሰክርም።

ዳይሬክተሩ ግን ከመሃላችን ቆሞ ቀረ። ሙስሊሞቹንና ቤተ እስራኤሎቹን አየ፤ «እነሱስ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «እንደገና ጥግ ሊቀመጡ ነው?»

መልስ የነበረው ከመኪናው ኋላ የሚጮኸው ሙክት ነው፤ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ዞር ብለን አየነው።

«እሱ ለሙስሊሞቹ» አሉ እትዬ። «ለእነዚያ ደግሞ ከዶሮ ቤቱ ሁለት አውራ አለ፤ ሲጮኽ እንቅልፍ የነሳኝ ነው፤ ይገላግሉኝ። ድስት እንደሆነ አይቸግረኝም። የተለየ ድስት ይዘው የሚመጡም ካሉ ይምጡ፣ እሳቱ የሁሉ ነው።»

ሙክቱን ከሙስሊሞቹ ትልቁ ባረከው። አስተማሪዬ ከአባቱ እንደተማረው አድርጎ ዶሮውን ሊያርድ ሲሄድ እኔ ጋ ቆመ፤ ቢላዬን እየጠረግሁ ነበር። የእኔም ቢላ የአባቱ ሥራ ነው፤ ደባርቅ ገበያ ላይ ሌላ ማን ቢላ ይሠራ ነበር?

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ቢላው የእኛ፣ በሬው የእናንተ። ሩጫው ግን የሁላችን ነበር።»

«ሂድ፣ ዶሮህ ሳይሸሽ» አልሁት።

አዳራሹን ዳይሬክተሩ ራሱ አዘጋጀው። ጠረጴዛውን ሁሉ እየጎተተ አንድ ላይ ገጠመው፤ ጥግ የሚባል ነገር እንዳይቀር ወንበሩን ሁሉ ከግድግዳው አራቀው። ያንን ሲሠራ መፈክር አላወራም። ሦስት ድስት ሦስት ቦታ ተቀመጠ፤ ሁሉም ከየድስቱ ይበላል፣ ግን ክርን ለክርን ነው። ላይ ቤቶች ከአገራቸው ያመጡት የገብስ ቆሎ መሃል ላይ በአንድ ትልቅ ሰፌድ ፈሰሰ፤ ቆሎ የማንም ነው፤ ሁሉም እጁን ከተተበት። እትዬ ብርዝ አዞሩ። አጭሩ ቆሎ እየቆረጠመ ረጅሙን፣ «አንተ ገመዱን ይዘህ ተኮፈስህ፤ ቡሬን ያስመለስሁት እኔ ነኝ በጭራው» ይለዋል። ረጅሙም፣ «አዎ፣ በሬ ዝንብ ሲይዘው ሁልጊዜ ጭራውን ነው የሚያዞር» ይለዋል።

ጠረጴዛ ሲገጥም የቆየው ዳይሬክተራችን የራሱ መቀመጫ የት እንደሆነ ጠፋው። ልጆቹ እየጎተቱ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ አጎረሱት። ከሦስቱም ድስት የበላ እሱ ብቻ ነው። በዚያ ገና ሃይማኖት የለኝም ያለ ሰው ከሁላችን በላይ ጠገበ።

ተቆጣጣሪው ቅልጥሙን ጨርሶ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወገቤን አየ። «ያንን ቁልፍ ያዘው፤ አትስጥ» አለኝ። አልሰጠሁም።

ልጆቹ ማንም ለውቂያ አልሄደም፣ ማንም ለሠርግ አልሄደም። እንዲያውም ቡሬ እንዴት እንደሸሸ ለመተረክ ሲሉ ከግቢ መውጣት ጠሉ፤ ትረካው በየቀኑ ዳገቱን ያረዝመው ነበር። የኋላ የኋላ ሁሉም ተበተነ፤ አስተማሪዬም ከቤተሰቡ ጋር አገር ለቆ ሄደ፤ ለምን ሄደ አልልም፣ አይተናል። ግን ያ ዓመት ሙሉ ሆኖ አለፈ።

ከበዓሉ ማግስት ክፍላችን እንደ ወትሮው ተከፈተ። ጉልበቴን ከዴስኩ ሥር አስገባሁ። ሁለተኛው መጽሐፍ ከነበርሁበት ገጽ ላይ ተገልጦ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከመጽሐፉ አይገልብጡ» አለኝ ልጁ። «የራስዎን ይጻፉ።»

ብዙ አሰብሁ። ጻፍሁ፦ ቡሬ ሸሸ።

ወረቀቱን አዙሮ አየው። «ሸዎችዎ እግራቸው ጠሟል» አለ። ወረቀቱን ሲመልስልኝ ደግሞ፣ «ይሁን፣ እየሮጡ እኮ ነው» አለኝ።